ከደሴ እስከ ዋሽንግተን፦ የእናቴን የበረራ ሰዓት እንዴት እንዳሰላሁ

ባለፈው ግንቦት እናቴ እህቴን ልትጠይቅ ከደሴ ወደ ዋሽንግተን ለመሄድ ስትሰናዳ «በሰማይ ላይ ስንት ሰዓት ነው የምቆየው?» ብላ ጠየቀችኝ። የደም ግፊት መድኃኒቷን ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ላይ ስለምትወስድ ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። ቲኬቱ ከቦሌ መነሻ 22:15፣ መድረሻ በማግስቱ 7:55 ይላል። ወደ እኛ አቆጣጠር መልሼ ከምሽቱ 4፡15 ተነሥታ ከጠዋቱ 1፡55 እንደምትደርስ ተረዳሁ፤ ልዩነቱን 9 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አደረግሁና «የጠዋቱን መድኃኒት እዚያው ስትደርሺ ትውጪዋለሽ» አልኳት። እርሷም ኪኒኑን ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር በትልቁ ሻንጣ ከተተችው።

የጂኦግራፊ መምህር ነኝና ርቀቱን ለተማሪዎቼ ላሳይበት ብዬ በማግስቱ በትምህርት ቤታችን ሉል ላይ ክር ዘረጋሁ። የሉሉ ዙሪያ 1 ሜትር ነው፤ የምድር ዙሪያ ደግሞ 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር 400 ኪሎ ሜትር ይወክላል። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ክሩ 29 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 11,600 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። በግድግዳው ካርታ ላይ ቀጥታ መስመር ቢሰመር በቻድና በማሊ ያልፋል፤ በሉሉ ላይ የተወጠረው ክር ግን ወደ ሰሜን ታጥፎ በሱዳን፣ በሊቢያና በስፔን አድርጎ ወደ አትላንቲክ ይገባል፤ አጭሩም መንገድ ይኸው ነው። (ተማሪዎቼ ይህን ለማመን ክሩን ራሳቸው መዘርጋት ነበረባቸው።)

ርቀቱን ለ9 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሳካፍለው በሰዓት 1,200 ኪሎ ሜትር መጣብኝ። የመንገደኞች ጄት በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚበረው፤ በእኔ ስሌት ግን የእናቴ አውሮፕላን ድምፅን ቀድሞ ነበር። ለካ ቲኬት መነሻውንም መድረሻውንም የሚጽፈው በየከተማው ሰዓት ነው! በግንቦት ዋሽንግተን ከእኛ 7 ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች፤ በክረምታቸው ደግሞ 8። ስለዚህ ጉዞው 16 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል፤ እናቴም መድኃኒቷን ሰባት ሰዓት ያህል ልታዘገይ ነበር ማለት ነው።

ርቀቱ ለ900 ሲካፈል 13 ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ የቀረው ከየት መጣ? ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ የሞተሩም ግፊት የክንፉም የማንሣት ኃይል ይቀንሳል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ለረጅም መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ሞልቶ ለመነሣት ይቸገራል፣ መንገድ ላይም አርፎ መቅዳቱ የተለመደ ነው። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የላይኛው ነፋስም ሲሄዱ ከፊት ይገጥማል፣ ሲመለሱ ግን ከኋላ ይገፋል። ዋሽንግተን ደግሞ ለባሕር ወለል የቀረበች ናትና የመልሱ በረራ ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይደርሳል።

ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ያለው የ250 ኪሎ ሜትር በረራ ብዙም አላሳሰበኝም። በሐረጎ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ከመውረዳችን በፊት ሻንጣውን ከፍቼ ኪኒኑን ወደ እጅ ቦርሳዋ አዛወርሁና የእጅ ሰዓቷን እስክትደርስ እንዳትነካው አደራ አልኳት። ከደረሰች በኋላ ስትደውል እንዲህ አለችኝ፦ «ሰዓቴ ጠዋት 2 ሲል ዋጥሁት፤ በመስኮቱ ግን ድቅድቅ ጨለማ ነበር፤ አንተን ከማመኔ በፊት አስተናጋጇን ሁለት ጊዜ ጠይቄአታለሁ።»