ሚዛን ላይ ውጣ

እናቱ ይዛው የመጣችው ለስኳር አልነበረም። "ሲስተር፣ ይኼ አንገቱ በሳሙና ብፈትገው ብፈትገው አልለቅ አለኝ" አለችኝ። ኮሌታውን ገለጥ አደረግኩት። ጠቆር ወፈር ያለ፣ ሲነኩት እንደ ከፋይ የሚለሰልስ ቆዳ ነው። ከመፈተጉ ብዛት ዳር ዳሩ ቀልቷል።

"እናቴ፣ ይኼ እኮ ቆሻሻ አይደለም። ሰውነቱ የደም ስኳርን ለሚቀንሰው ኢንሱሊን አልታዘዝ ሲል የሚያወጣው ምልክት ሊሆን ይችላል።"

ልጁ ቀና ብሎ ያየኝ ያኔ ነው። ስንት ጊዜ ቆሻሻ ተብሎ ይሆን?

15 ዓመቱ ነው፣ 88 ኪሎ። በባዶ ሆድ ስኳሩ 114። ደጋግመን ለክተን 126 ከደረሰ ስኳር በሽታ ነው የምንለው፤ ከ100 ጀምሮ ግን ከወዲሁ ያሳስበናል።

ስፖርት ስለው ፊቱን አጠቆረ። አንድ ባለሙያ "የጦሳን ተራራ እየሮጥክ ውጣ" ብሎት፣ ግማሽ ላይ ትንፋሽ አጥሮት ተመልሷል። የሰፈር ልጆች ሳቁበት። እኔ ባጃጁን ብቻ ነው ያስተውኩት። ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ በእግርህ ሂድ፣ እያወራህ መራመድ እስከቻልክ ይበቃል አልኩት። ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ያለ ኢንሱሊንም ከደም ስኳር ይስባል። ኪሎ ባይቀንስም ይሠራል።

በሦስት ወሩ መጣ። ባልደረባዬ ወረፋ በሞላበት ኮሪደር ሚዛን ላይ አወጣውና ጮክ ብሎ፣ "88 ከግማሽ! ምንም ለውጥ የለህም። በእግር ተሄዶ ይቀነሳል እንዴ?" አለው። ልጁ አንገቱን ደፋ። እኔም ጫማውን አየሁት። ተረከዙ በአንድ ጎን ተበልቶ አልቋል። ዝም አልኩ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ያ ዝምታዬ ነው። ቁመቱን እንኳ የለካው የለም፤ በኋላ ስለካው 2 ሳንቲ ሜትር አድጓል።

የላብራቶሪው ወረቀት ሲመጣ ሄደዋል። ስኳሩ 98! እየሮጥኩ በሩ ላይ ደረስኩባቸው።

"ኪሎውስ ሲስተር?" አለኝ።

"ኪሎው ይቆይ። አብሽር፣ ደምህ ተስተካክሏል።"

እናቱ "አልሃምዱሊላህ" ብላ ባጃጅ ጠራች። እሱ አልገባም። "አንቺ ሂጂ እማ፣ እኔ እደርሳለሁ" አላት።

ወረቀቱን ለባልደረባዬ ወስጄ ሰጠሁት። አየውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ቀጣዩን ጠራ። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ የማያቸው ልጆች መጀመሪያ ደማቸው ይመረመራል። ሚዛኑንም ከኮሪደሩ አንስቼ ወደ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።