የእትዬ ክምር

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር የሠራሁት ጉድ ነው። የተማርኩት ኮምፒውተር ሳይንስ፣ የተመደብኩት ግን ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ፣ ምድር ቤት፣ መዝገብ ቤት። 1000 የሚሆን ፋይል ሼልፍ ላይ በቁጥር ተደርድሯል። ዓይኔን የሚወጋኝ የሥራ ባልደረባዬ የእትዬ ጠረጴዛ ነበር። የተጠራ ፋይል ከሼልፍ ይወርዳል፣ ሥራው ሲያልቅ ክምሩ አናት ላይ ጣል ይደረጋል፣ ከላዩ የቡና ስኒያቸው ይቀመጣል። ክብ የስኒ ምልክት የሌለው ሽፋን ፈልጌ አጥቻለሁ።

"እትዬ፣ እነዚህን ለምን አይመልሷቸውም?"

"ይመለሳሉ። ምን አስቸኮለህ?"

አንድ ቅዳሜ ብቻዬን ገብቼ 60 የሚሆነውን ፋይል በሙሉ ወደ ሼልፉ መለስኩት። በሂሳቡ እርግጠኛ ነበርኩ። በቁጥር ከተደረደረ መሃሉን ታያለህ፣ የፈለግከው ከዚያ ካነሰ የላይኛውን ግማሽ ትተዋለህ፣ የቀረውን ደግሞ መሃሉን ታያለህ፣ እንዲህ እያልክ ከ1000 ውስጥ ቢበዛ በ10ኛው ታገኘዋለህ።

ሰኞ 3 ሰዓት ሳይሞላ ሰልፉ ደረጃው ላይ ደረሰ። አብዛኞቹ ባለጉዳዮች ባለፈው ሳምንት "ሰኞ ተመለሱ" የተባሉ ናቸው። ፋይላቸው አርብ ዕለት ክምሩ አናት ላይ ነበር። 10 ጊዜ ማየት ለኮምፒውተር ምንም አይደለም፣ ሰው ግን መሰላል ይወጣል፣ ይወርዳል፣ በአቧራው ያስነጥሳል። አንዱ ፋይል ጭራሽ ጠፋ። 418ን 481 አጠገብ ሸጉጬው ኖሯል። አንዴ ከተራው ከወጣ ደግሞ ያ ግማሽ ግማሽ እያሉ መፈለግ ዋጋ የለውም፣ ሼልፉን ሁሉ ማሰስ ነው።

እትዬ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ የድሮ ደብተሬን ገለጥኩ። ለካ ተምሬዋለሁ። ስሌተርና ታርጃን የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 በሂሳብ አረጋግጠውታል፦ ከፊት ጀምረህ የምትፈልግበት ዝርዝር ከሆነ፣ ያገኘኸውን ሁልጊዜ ወደ ፊት አምጣው። ነገ ምን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ከሚያውቅ አሠራር ጋር ቢወዳደር እንኳ ጠቅላላ ድካሙ ከእጥፍ አይበልጥም። (ፈተና ላይ መጥቶ በትክክል መልሼዋለሁ፣ ይብላኝ ለእኔ።)

ማክሰኞ ለእትዬ ወረቀት ላይ እየሣልኩ አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና "ታዲያ እኔ ምን እያደረግኩ ነበር?" አሉኝ። ከዚያ ስኒያቸውን አንስተው አዲሱ ክምር ላይ አስቀመጡት። ገና 3 ፋይል ብቻ ነበር።