ለአራተኛ ክፍል ተማሪ ላፕቶፕ ሲመረጥ

በቤተሰባችን ውስጥ ኮምፒውተር ነክ ጉዳይ ሲነሣ የሚጠራው ሰው እኔ ስለሆንሁ፣ አራተኛ ክፍል ለገባው የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ የመምረጡ ኃላፊነትም በእኔ ላይ ወድቋል። ምክር ሰጪ አልጠፋም። አባቱ «ለብዙ ዓመት እንዲያገለግለው ኮር አይ ሰቨን ይሁን» ይላል፣ ኃይለኛ የሚባለውን የኢንቴል ማቀነባበሪያ (ፕሮሰሰር) ማለቱ ነው፤ እናቱ ቀላልና ትንሽ እንዲሆን ትፈልጋለች፤ ቨርጂኒያ የምትኖረው ታናሽ እህታችን ደግሞ ከዚያው አዲስ ክሮምቡክ፣ ማለትም በዊንዶውስ ፋንታ በጉግል ሥርዓት የሚሠራ ላፕቶፕ ገዝታ በሰው ለመላክ ተዘጋጅታለች። የሁሉም ሐሳብ ምክንያት አለው። የእኔ መነሻ ግን ሌላ ነው፦ አዲስ አበባ ውስጥ በዘጠኝ ዓመት ልጅ እጅ የሚገባ ኮምፒውተር መውደቁ አይቀርም፣ መብራት ይጠፋበታል፣ ከቀኑም ብዙውን ሰዓት ያለ ኢንተርኔት ያሳልፋል። እነዚህን ሦስቱን መቻሉ ሳይረጋገጥ ስለ ፍጥነቱ መነጋገር ቅደም ተከተሉን ማፋለስ ነው።

በቅድሚያ ግን ላፕቶፕ ለየትኛው ክፍል ተማሪ ያስፈልጋል የሚለው መታየት አለበት። በአዲሱ የትምህርት መዋቅር አንደኛ ደረጃ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ በዚህ እርከን ከሒሳብ፣ ከቋንቋዎችና ከአካባቢ ሳይንስ ጋር ግብረ ገብና የጥበባት ትምህርት ይሰጣል፣ አብዛኛውም በደብተርና በመጽሐፍ የሚሠራ ነው። በእኔ እምነት እስከ ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ድረስ በወላጅ ስልክ ወይም በአንድ ታብሌት የማይሸፈን ሥራ የለም። ከአራተኛ ክፍል ገደማ ጀምሮ ግን ልጁ ሙሉ አንቀጽ መጻፍ ይጀምራል። በ2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ወርክሺት በቴሌግራም መላክ ጀምረው ነበር፤ በአንዳንዶቹ ይህ ልማድ እስከ ዛሬ ቀጥሏል፣ በስልክ ስክሪን ላይ ፒዲኤፍ እያሰፉና እያጠበቡ መሥራት ደግሞ ለልጅም ለወላጅም አድካሚ ነው። እንግዲህ ከማሽኑ የሚጠበቀው መጽሐፍ ማንበብ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ መጻፍ፣ የትምህርት ቪዲዮ ማሳየትና ለጀማሪ የተዘጋጀ ፕሮግራሚንግ ማሠራት ነው። ከዚህ ውስጥ ኃይለኛ ማሽን የሚጠይቅ አንድም የለም።

ለልጅ ኮምፒውተር ምን ያስፈልጋል የሚለውን ጥያቄ ከሁሉም በላይ በጥልቀት ያሰቡበት ሰዎች ሥራ ወደ አገራችንም መጥቶ ነበር። በኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የሚመራው «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት የሠራው አረንጓዴና ነጭ ኤክስኦ ላፕቶፕ እኛ 2000 ዓ.ም ባልነው ዘመን አካባቢ በሺህ የሚቆጠር ሆኖ ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ታድሏል። የማቀነባበሪያው ፍጥነት 433 ሜጋኸርዝ፣ ራሙ (ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) 256 ሜጋባይት ብቻ ስለነበር በዚያን ጊዜ መለኪያም ቢሆን ደካማ ነበር። ሆኖም ኪቦርዱ አቧራና ውኃ እንዳይገባበት በጎማ የተሸፈነ ነበር፤ የሚሽከረከር ዲስክ ስላልነበረው መውደቅን ይችል ነበር፤ ስክሪኑ በጠራራ ፀሐይ ይነበብ ነበር፤ የሚይዙበት እጀታ ነበረው፤ ባትሪውም ተነቅሎ የሚቀየር ነበር። ፕሮጀክቱ ያሰበውን ያህል አልሄደም፣ መቶ ዶላር ይሆናል የተባለው ዋጋም ወደ ሁለት መቶ ተጠግቶ ነው የወጣው። መሐንዲሶቹ ገንዘቡን ያዋሉት ግን ከፍጥነት ይልቅ በመውደቅ፣ በአቧራ፣ በብርሃንና በባትሪ ላይ ነበር፤ እኔም ሱቅ ስገባ የምይዘው ዝርዝር ከዚያ ብዙ አይርቅም።

በመውደቁ እንጀምር። መጀመሪያ የምጠይቀው ማሽኑ ውስጥ ያለው ኤስኤስዲ ነው ወይስ የድሮው ሃርድ ዲስክ የሚለውን ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ስላለው እየሠራ ሳለ ከጠረጴዛ ቢወድቅ ሊበላሽ ይችላል፤ ኤስኤስዲ ግን የሚንቀሳቀስ ክፍል የለውም፣ ከዚያም በላይ አሮጌ የሚባለውን ማሽን ከማንኛውም ለውጥ በላይ ያፈጥነዋል። ቀጥሎ የምመለከተው የስክሪኑን ማጠፊያና የአካሉን ጥንካሬ ነው። እዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው፦ በተመሳሳይ ዋጋ ከሚገኝ አዲስ ርካሽ ላፕቶፕ ይልቅ ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ተብሎ የተሠራ ያገለገለ ላፕቶፕ ለልጅ የተሻለ ነው። ርካሾቹ አዳዲሶች ብዙ ጊዜ ስስ ፕላስቲክ ናቸው፤ 64 ጊጋባይት የሚሆነው ማከማቻቸውና 4 ጊጋባይት ራማቸው ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ አይጨመርም፣ ዊንዶውስ ጥቂት ጊዜ ራሱን ሲያድስም ቦታው ይሞላል። በአንጻሩ እንደ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 እና ዴል ላቲቲዩድ 5490 ያሉት ራማቸውም ኤስኤስዲያቸውም ይቀየራል፣ መለዋወጫቸውም በከተማችን አይጠፋም። በተለይ የልጅ ነገር ሆኖ ውኃ ወይም ሻይ ኪቦርዱ ላይ ሲደፋ፣ ኪቦርዱን ብቻ መቀየር መቻል ትልቅ ነገር ነው።

የአባቱን የኮር አይ ሰቨን ጥያቄ በተመለከተ፣ ከስሙ ይልቅ ትውልዱን፣ ማለትም ጀነሬሽኑን ማየት ይበጃል። በ2013 የፈረንጆች ዓመት የወጣው አይ7-4600ዩ ባለ ሁለት ኮር፣ ማለትም ሥራውን የሚካፈሉ ሁለት ክፍሎች ያሉት ነው፤ በ2017 የወጣው አይ5-8250ዩ ግን አራት ኮር አለው፤ ስለዚህ «አይ ፋይቭ» የተባለው «አይ ሰቨን» የተባለውን በግልጽ ይበልጠዋል። ከሰረዙ በኋላ የሚመጣው ቁጥር በ8 ከጀመረ ስምንተኛ ጀነሬሽን፣ በ7 ከጀመረ ሰባተኛ ነው፤ በ10 ወይም በ11 የሚጀምሩት ደግሞ አሥረኛና አሥራ አንደኛ ናቸው። ስምንተኛውን እንደ መነሻ የምይዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ከስምንተኛ ጀነሬሽን በታች ያሉትን የኢንቴል ማሽኖች አይቀበልም። ሻጩ በሌላ መንገድ ጭኖ ሊያሳይ ይችላል፤ ከማይክሮሶፍት መስፈርት ውጭ የተጫነው ግን ወደፊት እድሳት ስለማግኘቱ ዋስትና የለውም። ራም 8 ጊጋባይት፣ ኤስኤስዲ 256 ጊጋባይት ከሆነ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ ከበቂ በላይ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ በጣም ስለተወደደ፣ ለማይፈለግ ኃይል መክፈል የድሮውን ያህል ቀላል አይደለም።

መብራት ሌላው ፈተና ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ተመልሶ፣ መክሰሱን በልቶ፣ ለጥናት የሚቀመጥበት ሰዓት መብራት የሚጠፋበት ሰዓት ሊሆን ስለሚችል፣ ባትሪው ቢያንስ ሁለት ሰዓት መያዝ አለበት። ዴስክቶፕ ይሻላል የሚሉ ወዳጆቼን የማልከተላቸውም በዚህ ምክንያት ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ባትሪ ደግሞ መድከሙ የታወቀ ስለሆነ፣ ዊንዶውስ ራሱ የሚያወጣውን የባትሪ ሪፖርት ማስከፈት ያስፈልጋል፤ ሪፖርቱ ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረውን አቅምና አሁን ሞልቶ የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ግማሽ በታች ከሆነ የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ ከመግዣው ላይ ማስቀነስ ተገቢ ነው። ከላይ ከጠቀስኋቸው ውስጥ ቲ480 ከውስጥ አንድ፣ ከውጭ ደግሞ ተነቃይ የሆነ ሌላ ባትሪ ስላለው በዚህ በኩል ይበልጣል። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ከሶኬት መንቀልን ልጁ ከመጀመሪያው ቀን ቢለምድ ጥሩ ነው፤ ተመልሶ ሲመጣ የሚኖረው የኃይል መዋዠቅ ብዙ ቻርጀር አቃጥሏል።

ወደ ታናሽ እህታችን ክሮምቡክ ልመለስ። ክሮምቡክ መጥፎ ዕቃ አይደለም፤ ቀላል ነው፣ ቫይረስ አያስቸግረውም፣ ከ2021 የፈረንጆች ዓመት ወዲህ የወጡትም ለአሥር ዓመት እድሳት እንደሚያገኙ ጉግል አስታውቋል። ቨርጂኒያ ለሚማሩት ልጆቿ፣ ዋይፋይ ከቤትም ከትምህርት ቤትም በማይለይበት አገር፣ እኔም እሱኑ እመክራት ነበር። አሠራሩ ግን በአመዛኙ ኢንተርኔት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ፓኬጅ ሲያልቅ ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ የሚሠራው ነገር ይቀንሳል። ስለዚህ «በዚያው ገንዘብ እዚያው ታድሶ የሚሸጥ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ግዢለት» አልኋት። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈ የእኛን 220 ቮልት ይችላል፤ የሚያስፈልገው የአሜሪካን ጠፍጣፋ ሶኬት ወደ እኛ ክብ የሚለውጥ ትንሽ አስማሚ ብቻ ነው። የሚያመጣው መንገደኛም ባትሪ ስላለው በሻንጣ ከሚጭነው ይልቅ በእጅ ቢይዘው ይመረጣል።

ስለ ስክሪን ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ስፋት ነው። ለእኔ ግን ከጎን ሲታይ ቀለሙ የማይለወጥ መሆኑ ይበልጥብኛል፤ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ብቻውን አይሠራምና፣ አጠገቡ እናቱ ወይም ታላቁ ይቀመጣል። ያገለገሉት የመሥሪያ ቤት ማሽኖች አንዳንዶቹ ከጎን ሲታዩ የሚጠቁር ባለ 1366 በ768 ስክሪን፣ አንዳንዶቹ ደግሞ አይፒኤስ የሚባለውን፣ ከጎንም ቀለሙ የማይለወጠውን ባለ 1920 በ1080 ስክሪን አላቸው፤ የሞዴሉ ስም አንድ ሊሆን ስለሚችል አብርቶ ከጎን ማየት ግድ ነው። የሚያብረቀርቅ ስክሪን የመስኮትን ብርሃን ስለሚመልስ ለዓይን አይመችም። የዓይን ሐኪሞች በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ያህል ስድስት ሜትር ገደማ ወደሚርቅ ነገር መመልከትን ይመክራሉ፤ ልጅ ይህን በራሱ አያስታውስምና የሚያስታውሰው ሰው ያስፈልጋል። ክብደቱን በሚመለከት የእናቱ ሐሳብ ልክ ነው፤ ባለ 14 ኢንቹ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ስለሚመዝን ከደብተሮቹ ጋር በየቀኑ የሚሸከመው አይደለም። ትምህርት ቤት ይዞ መሄድ ካለበት ባለ 12.5 ኢንቹ ቲንክፓድ ኤክስ280 ይሻለዋል፤ ራሙ ግን የተበየደ ስለሆነ ሲገዛ 8 ጊጋባይት መሆኑን ማየት ያሻል።

በመገናኛም ሆነ በቦሌ መድኃኔዓለም ሱቆች አንድ ላፕቶፕ «ስላይትሊ ዩዝድ» ተብሎ ሲቀርብ፣ መዳፍ ማሳረፊያው ላይ የተለጠፈውን ምልክት ማመን አያስፈልግም፤ ማንም ሊለጥፈው ይችላልና። የማሽኑን ማንነት ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ማየት ነው። ኖትፓድ ተከፍቶ ሁሉም ቁልፎች ይነኩ፣ ካሜራው፣ ድምፁ፣ ዋይፋዩና የፍላሽ ማስገቢያዎቹ ይሞከሩ። ከዚያም ማሽኑ ጠፍቶ እንደገና ሲበራ ባዮሱ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማሽኑ መነሻ ፕሮግራም፣ ፓስዎርድ እንደማይጠይቅ መረጋገጥ አለበት። ከውጭ ድርጅቶች የወጡ አንዳንድ ማሽኖች የቀድሞው ድርጅት ቁልፍ ሳይነሣላቸው ይመጣሉ፤ ሱቅ ውስጥ በሰላም ሠርተው፣ ፎርማት ተደርገው ኢንተርኔት ሲያገኙ ግን የማይታወቅ መሥሪያ ቤት መግቢያ ይጠይቃሉ። ሻጩ ለመፈተሽ ጊዜ የማይሰጥ ከሆነ ሱቅ መቀየር ነው።

ከተገዛ በኋላ ያለው ሥራ ከግዢው ያልተናነሰ ነው። ለልጁ ከወላጅ አካውንት የተለየ፣ ያለ ፈቃድ ምንም መጫን የማይችል አካውንት ይከፈትለታል። ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ነገሮች በአንድ ጊዜ ይጫናሉ፦ የክፍሉ መጻሕፍት በፒዲኤፍ፣ ዊኪፔዲያን ከኢንተርኔት ውጭ የሚያስነብበው ኪዊክስ፣ እንዲሁም ስክራች። ይህ በኤምአይቲ የተሠራው የልጆች ፕሮግራሚንግ ትዕዛዞቹን በአማርኛ ማሳየት ስለሚችል፣ እንግሊዝኛው ገና ያልጠነከረለት ልጅ ድመቷን ለማራመድ መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም። የአማርኛ ኪቦርድም ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣ ስለሆነ ከቋንቋ ሴቲንግ ውስጥ ማብራት ይበቃል። እንግሊዝኛውን ቁልፍ በድምፁ እየተከተሉ ሀ ሁ ሂን መጻፍ ለትልቅ ሰው ቀላል ይመስላል፤ የአራተኛ ክፍል ልጅ ግን ከሁለቱም ፊደሎች ጋር ገና እየተለማመደ ስለሆነ፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አጭር ደብዳቤ ለአያቱ በማስጻፍ ማሳለፍ ከየትኛውም የታይፒንግ ጨዋታ የተሻለ ይመስለኛል።

ቤቱ ውስጥ ቀድሞ የተገዛ የስድስተኛ ወይም የሰባተኛ ጀነሬሽን ላፕቶፕ ያለው ወላጅ ግን ይህን ሁሉ አንብቦ ወደ ሱቅ መሮጥ የለበትም። ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች የሚሰጠው የዊንዶውስ 10 ተጨማሪ የደኅንነት እድሳት እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም የሚዘልቅ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላም በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራው ሊኑክስ ሚንት በነፃ ሊጫንበት ይችላል። ሃርድ ዲስኩ በኤስኤስዲ ከተቀየረና ራሙ 8 ጊጋባይት ከደረሰ፣ እስከ ስድስተኛ ክፍል ለሚሠራው ሁሉ ያ ማሽን ይበቃዋል።