ከሽፋኑ የተነጠለ

ዛሬ ሆዴ ባር ባር ብሎታል፤ ሥራው ግን ሥራ ነው። በእንግዴ ልጅ ውስጥ ሕዋሳትን የሚያዋህደው ፕሮቲን፣ የሲንሲቲን-1 ቱቦ ከመከፈቱ በፊት ለአጭር ጊዜ በሴንትሪፊዩጅ ይሽከረከራል፤ አለዚያ ክዳኑ ላይ የቀረው ደረቅ ዱቄት ሲከፈት በኖ ይጠፋል። ዱቄቱን የሚያሟሟው ፈሳሽ በቱቦው ግድግዳ በኩል ቀስ ብሎ ይወርድና ጥቂት ደቂቃ ሳይነካ ይቆያል። በኃይል መነቅነቅ አይገባም፤ በአረፋው ገጽ ላይ ፕሮቲኑ ቅርጹን ያጣል። ከዚያ ለአንድ ጊዜ ሥራ በሚበቃ መጠን ተከፋፍሎ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል፤ በቀለጠና ዳግም በበረደ ቁጥር ይጎዳልና።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን የቱን ኃይሉን ያተርፍልናል? የፕሮቲኑ ዘረመል ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት ከሬትሮቫይረስ፣ የራሱን ዘረመል በያዘው ሕዋስ ዘረመል ውስጥ ከሚሰካ ቫይረስ፣ ወደ ቅድመ አያቶቻችን የገባ ነው። 538 አሚኖ አሲዶች አሉት። ፉሪን የተባለው ኤንዛይም ለሁለት ካልቆረጠው አይሠራም። ከተቆረጠ በኋላ እንደተወጠረ ወጥመድ ይጠብቃል፤ በሌላው ሕዋስ ገጽ ላይ ያለውን ኤ.ኤስ.ሲ.ቲ.2 የተባለ ተቀባይ ፕሮቲን ሲያገኝ ተፈናጥሮ ይታጠፍና ሁለቱን የሕዋስ ሽፋኖች ያገናኛል። አንዴ ከታጠፈ አይመለስም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ እዚህ ላይ ነው። የሕዋሱን ሽፋን የሚያቋርጠው የፕሮቲኑ ክፍል ተቆርጦ ከወጣ ፕሮቲኑ በውሃ በደንብ ይሟሟል፤ ፀረ-አካል ለመሥራት ወይም ከተቀባዩ ጋር መጣበቁን ለማየት ይጠቅማል፣ ሽፋን ማዋሃድ ግን አይችልም። ሙሉው ከተፈለገ ዲ.ዲ.ኤም.ን የመሰለ ዲተርጀንት (ሳሙና መሰል ነገር) በማጣሪያውም በማጠቢያውም ፈሳሽ ውስጥ መኖር አለበት፤ መጠኑ ከ0.17 ሚሊሞላር ገደማ በታች ከወረደ ፕሮቲኑ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይዘቅጣል። በባክቴሪያ የተሠራው ደግሞ ሰው ሕዋስ ውስጥ የሚለጠፉበት ስኳሮች የሉትም።

ፕሮቲኖችን በመጠናቸው የሚለየው ጄልም ያታልላል። ናሙናው ፈልቶ፣ ቅርጹ ሁሉ ተፈትቶ ስለሚሮጥ፣ የተወጠረውም የታጠፈውም አንድ ዓይነት መስመር ይሰጣሉ። ጥርት ያለ መስመር ንጽሕናን እንጂ ሕይወትን አይመሰክርም። የማምነው የሕዋስ ሙከራን ብቻ ነው፦ ዘረመሉን ተቀባዩ ባላቸው ሕዋሳት ውስጥ አስገብቶ ብዙ ኒውክሊየስ ያላቸውን ውሁድ ሕዋሳት መቁጠር፣ ከጎኑም ፉሪን የሚቆርጥበት ቦታ የተበላሸበትን ፕሮቲን ለማነጻጸሪያ ማስኬድ።

በእንግዴ ልጅ ውስጥ ግን ማንም ሳይቆጥርለት ሕዋሳቱን አዋህዶ በእናትና በፅንስ መካከል አንድ ወጥ ንጣፍ ይሠራል። የሚገታውም አለ፤ ሰፕሬሲን፣ እሱም የጥንት ቫይረስ ቅሪት፣ ያንኑ ተቀባይ ይዞ ይዘጋበታል። ታዲያ አጠገብ ለአጠገብ ካሉ ሁለት ሕዋሳት የትኛው አሁን እንዲዋሃድ፣ የትኛው ገና እንዲቆይ የሚወስነው ምንድን ነው?