ቀንዱን ተዉትና ሥሩን እዩ

ሰው ላይ ቀንድ በቀለ ሲባል ግማሹ ፎቶሾፕ ነው ይላል ግማሹ ደግሞ እርግማን ነው ይላል፣ ኧረ ሁለቱም አይደለም። ኪውቴኒየስ ሆርን ይባላል፣ ከቆዳ ላይ ወጥቶ የሚጠነክር ቢጫ ወይ ቡናማ ነገር ነው፣ አንዳንዱ ቀጥ ይላል አንዳንዱ ይጠማዘዛል። የተሰራው ከኬራቲን ነው፣ ያው የጥፍራችን ፕሮቲን። የበሬ ቀንድ ውስጡ አጥንት አለው፣ ይሄኛው ግን እስከ ጫፉ ድረስ ተከምሮ የደረቀ ኬራቲን ብቻ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፓሪስ ውስጥ ማዳም ዲማንሽ የሚባሉ አሮጊት ከግንባራቸው ወደ 25 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ቀንድ ወርዶባቸው ነበር፣ በኦፕሬሽን ወጣላቸው፣ የፊታቸው የሰም ቅርፅ አሁንም አሜሪካ ፊላደልፊያ ሙተር የሚባል የሕክምና ሙዚየም ውስጥ አለ። ሰው እንዲህ አይነቱን ፎቶ ሲያይ አፉን ይዞ ስለ ርዝመቱ ያወራል፣ እኛ ሐኪሞች ግን ርዝመቱ ብዙም አያስጨንቀንም፣ እንደውም አጭር ሆኖ መሠረቱ ሰፊ የሆነው ነው ይበልጥ የሚያስጠረጥረው።

ምክንያቱም ቀንዱ በሽታው አይደለም፣ በሽታው ሥሩ ላይ ያለው ነው። ሥሩ ላይ ተራ የቆዳ ኪንታሮት ሊኖር ይችላል፣ በእድሜ የሚመጣ ምንም የማያደርግ እብጠት ሊሆን ይችላል፣ ፀሐይ ለዓመታት የጎዳው ቅድመ ካንሰር ሊሆን ይችላል፣ ወይ ራሱ ካንሰሩ፣ ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር። በ1991 የወጣ የ643 ቀንዶች ጥናት አለ፣ 61 በመቶው ጤነኛ ነበር፣ የቀረው 39 በመቶ ግን ካንሰር ወይ ወደ ካንሰር የሚሄድ ነገር ሆኖ ተገኘ። ፊት፣ ጆሮ፣ የእጅ ጀርባ፣ መላጣ፣ በቃ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ሁሉ ላይ ከሆነ፣ ታካሚውም በእድሜ የገፋ ከሆነ ጥርጣሬው ይጨምራል። ሥሩ ሲነካ የሚያም፣ የቀላ፣ ከስር ጠጠር ያለ፣ ወይ ቶሎ ቶሎ የሚያድግ ከሆነም እንደዛው፣ ያኔ አንገትና ብብት ላይ ያበጠ ንፍፊት መኖሩንም በእጅ እንፈትሻለን።

ግን እውነቱን ለመናገር በዓይን አይቶ ይሄ ጤነኛ ነው ብሎ መሸኘት አይቻልም፣ ባዮፕሲ፣ ማለትም ናሙና ወስዶ በላብራቶሪ ማስመርመር፣ የግድ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ቀንዱን ብቻ ቆርጦ ወደ ላብራቶሪ መላክ ነው፣ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚያየው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ፣ የሞተ ኬራቲን አይቶ ምን ሊል ነው? ናሙናው የሥሩን ቆዳ ካልያዘ ዋጋ የለውም። ቤት ውስጥ በምላጭ ወይ በክር የሚቆርጡም አሉ፣ ይደማል ይመረቅዛል፣ ሥሩ ስላለ ደግሞ ተመልሶ ይበቅላል።

ኦፕሬሽኑ ለአብዛኛው ሰው ቀላል ነው። ሊዶኬይን የሚባል ማደንዘዣ ከአድሬናሊን ጋር ዙሪያውን ይወጋል፣ አድሬናሊኑ መድማቱን ይቀንሳል ማደንዘዣውንም ያቆያል፣ ከዛ በኋላ ሰውየው እያወራን እንሰራለታለን። ቀንዱን ከነሥሩ በሞላላ ቅርፅ እስከ ስቡ ድረስ ቆርጠን እናወጣለን፣ ካንሰር ከጠረጠርን ዙሪያውን ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ጤነኛ ቆዳ እንጨምራለን፣ አንዱ ጫፍ ላይ ክር እናስርበታለን፣ ጠርዙ ላይ የቀረ ነገር ከተገኘ በየት በኩል እንደሆነ እንድናውቅ ነው። ከዛ ሥጋው እንዳይበላሽ ፎርማሊን የሚባል ፈሳሽ ውስጥ ገብቶ ወደ ላብራቶሪ ይላካል። ፊት ላይ ያለ ስፌት ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ይፈታል። ክፍተቱ ሰፍቶ አልገጥም ካለ ቆዳ ከጎን ማዞር ወይ ከሌላ ቦታ ማምጣት ይመጣል፣ እሱ ራሱን የቻለ ወሬ ነው።

ማቃጠል ወይ በናይትሮጅን ማቀዝቀዝስ የሚሉኝ አሉ። ኪንታሮት መሆኑ በባዮፕሲ ከተረጋገጠ እሺ፣ ካልሆነ ግን የሚመረመረውን ሥጋ ራሱን ነው የምታጠፉት።

ስፌቱ ተፈትቶ ቁስሉ ሲደርቅ ብዙ ሰው በዛው ይጠፋል። እባካችሁ የፓቶሎጂ ወረቀቱን፣ ማለትም የናሙናውን ውጤት ጠይቁ፣ በተለይ ጠርዙ ንፁህ ነው ወይ፣ ዳሩ ላይ የቀረ ነገር የለም ወይ የሚለውን። ንፁህ ካልሆነ እንደገና ይቆረጣል፣ ካንሰር ከሆነ ደግሞ ለዓመታት ቆዳውና ንፍፊቱ በቀጠሮ ይታያል፣ የታችኛው ከንፈርና ጆሮ ላይ የነበረ ከሆነማ ቀጠሮ እንዳያልፋችሁ፣ እዛ ቦታ ላይ ያለው የመሰራጨት ዕድሉ ከፍ ይላል።