ሁለት ሚሊ ቀለም

የኢንጂነሩን ስም አልጠራም፣ ጎንደር ጠባብ ናት፣ ደግሞ አሁንም የሳይክል ጥገና ቤታችን ደንበኛ ነው። ብቻ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ፒያሳ ቡና የሚጠጡትን የኮርሳ (የእሽቅድምድም ሳይክል) ወዳጆች ያየ ሰው ያውቀዋል። የድሮ የብረት ሳይክላቸውን ግድግዳ አስደግፈው ቱቦውን በጥፍራቸው ነካ ነካ እያደረጉ ድምፁን የሚያዳምጡት፣ ይሄ ሬይኖልድስ 531 ነው፣ አይ ኮሎምበስ ነው እያሉ በቱቦ ስም ሲከራከሩ ቡናው የሚቀዘቅዝባቸው። በ1949 ዓ.ም ሜልቦርን ኦሎምፒክ የሄዱት ብስክሌተኞቻችን፣ እነ ገረመው ደንቦባ፣ ይነሳሉ፣ ከዛ የዘመኑ ሳይክል የሚሰራበት ካርቦን የሚባል ነገር ይሰደባል፣ ከዛ ሒሳብ። እኔም አልፎ አልፎ እቀላቀላቸዋለሁ፣ አልዋሽም ደስ ይላል፣ ግን አብሮ ቡና መጠጣትና ሳይክላቸውን መስራት ለየቅል ነው።

ኢንጂነሩ ያመጣው ቢያንኪ የሚባል ሳይክል ነበር። የእውነት ቢያንኪ፣ ጣሊያን የተሰራ፣ ያ አረንጓዴም ሰማያዊም የማይባለው ቀለሙ ግማሹ ተልጦ የኮሎምበስ ርግብ ያለችበት ስቲከር ግን ሳይነካ የቀረ። የኮርቻውን ዘንግ ስናወጣ ውፍረቱ 27.2 ሚሊ ይላል፣ እሱ ቁጥር ከታየ ቱቦው ስስና ጥሩ ነው ማለት ነው፣ ጋሼ ራሳቸው "እሰይ" አሉ። ጋሼ አለቃዬ ናቸው፣ ሳይክል መስራት ሲጀምሩ እኔ አልተወለድኩም።

ችግሩ የመጣው ፔዳሉ መሃል ላይ ነው። ኩሽኔታውን የሚይዘው የቀኝ በኩል ካፕ ከስንት ዘመን ዝገት ጋር ተጣብቋል። ቁልፉን አስገብቼ ወደ ግራ ልል ስል፣

"ቁም!" አለኝ። "ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው። ግራ ጥርስ ነው።"

"ጣሊያን እኮ ነው ኢንጂነር፣ ሁለቱም በኩል ቀኝ ጥርስ ነው።"

"አይሆንም። ቀኝ በኩል ቀኝ ጥርስ ከሆነ ስትነዳው እየላላ ይመጣል። ማን ጤነኛ ሰው እንደዛ ይሰራል?"

ምክንያቱ ልክ ነው እኮ። እንግሊዞቹ ቀኝ በኩል ግራ ጥርስ የሚያደርጉት በዚሁ ምክንያት ነው። ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ከፈተልኝ፣ አንድ ፈረንጅ ካፑን ወደ ቀኝ እያዞረ ይፈታል፣ እውነትም ይፈታል፣ ግን ፈረንጁ የያዘው ሳይክል ራሌይ ነው፣ የእንግሊዝ፣ ስሙ ቱቦው ላይ በትልቁ ተፅፏል።

ጋሼ በሩ ላይ ሻያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፣ ዞርም ሳይሉ "የካፑን ፊት ጥረግና አንብብለት" አሉኝ። በጥርስ ብሩሽና በነጭ ጋዝ አሸሁት፣ ጥቁሩ ቅባት ሲለቅ 36 በ24 የሚል ወጣ። 36 ሚሊ፣ በኢንች 24 ጥርስ፣ የጣሊያን ልክ ነው በቃ፣ የእንግሊዙ 1.37 ኢንች ነው የሚለው።

"እሱ የፋብሪካ ኮድ ነው" አለ።

"ካሊፐሩን አምጣለት" አሉ ጋሼ።

ካፑ የሚገባበትን ቱቦ ወርዱን ለካሁት፣ 70 ሚሊ። የእንግሊዝ ቢሆን 68 ነው። ካሊፐሩን አይኑ ስር አስጠጋሁለት። አየው፣ መነፅሩን አወለቀ፣ ደግሞ አየው።

"2 ሚሊው ቀለም ነው" አለኝ።

ሁለት ሚሊ ቀለም። ግማሹ ተልጧል ብያችኋለሁ ደግሞ። በአርባ አራቱ ታቦት ሳቄን እንዴት እንደያዝኩት አላውቅም፣ ሳይክል እኮ ነው፣ የፋሲል ግንብ አይደለም በኖራ አይለሰንም። ጋሼ ግን አልሳቁም። ሻያቸውን አስቀምጠው ተነሱና "ልጄ፣ ጣሊያን ሲሰራው አንተን አላማከረም፣ ቢያማክርህ ጥሩ ነበር" አሉት። ከዛ ካፑን ሞርሳ (ጠረጴዛ ላይ የታሰረው ብረት ነክሶ የሚይዝ መሳሪያ) አስነከሱት፣ ቴላዮውን (የሳይክሉን አፅም) ግራና ቀኝ ይዘን ራሱን ሳይክሉን ወደ ግራ ማዞር ነው፣ ቁልፍ የሚያንሸራትት ካፕ በሌላ በቀላሉ አይወጣም፣ ሳይክሉ ራሱ ረጅም ማንሻ ይሆንልሃል። ጠሽ አለና ለቀቀ።

እኔ ይቅርታ ቢጤ ጠብቄ ነበር። "ዕድላችሁ ነው" አለን።

ከዛ ቀለም ቤት ሄደ። ስለ እሱ ብዙ አላወራም፣ ጋሼ የነበረው ቀለም ይቆይ ብለው ለምነውታል፣ ቀቢው ርግቧን በብርጭቆ ወረቀት አጥፍቶ ሳይክሉን የቀበሌ በር አስመስሎ መለሰው። ስንገጥመው በየጎኑ 11 አዲስ ባለ ሩብ ኢንች ኳስ ግሪስ ላይ ደረደርን፣ የቀኙን ካፕ ሞርሳ አስነክሰን ልናጠብቅ ስንል አሁንም "ቁም!"። ቀለሙ ትኩስ ነው፣ ሞርሳው ቢጭረውስ። በእጅ ቁልፍ ይበቃል።

"ይሄ ጥርስ በደንብ ካልጠበቀ ይላላል፣ ራስህ ያልከው ነው" አሉት ጋሼ።

"ይበቃል ጋሼ፣ በኔ ይሁንብዎ።"

በሱ ሆነ። ወር ሳይሞላው አዘዞ ወርዶ ዳገቱን ሲመለስ ፔዳሉ ተወላገደ፣ ቋ ቋ ይላል ብሎ እየገፋ መጣ። ቤቱ ሰው ሞልቷል፣ ባጃጅ ጎማ የሚያስነፋው ሁሉ እየሰማ "አላልኩም? ግራ ጥርስ ቢሆን ይላላ ነበር?" ይላል። አፌን ልከፍት ስል ጋሼ ቀደሙኝና፣

"ልክ ነህ ልጄ" አሉት።

የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። የቀለሙን እችለዋለሁ፣ ሳቅ ነው፣ ግን ልክ ነህ?! ሳይክሉን ተቀብለው ሞርሳ አስነከሱት (አሁን ስለ ቀለሙ ትንፍሽ የለም)፣ ጥርሱን ሎክታይት (እንዳይላላ የሚያጣብቅ ፈሳሽ) ቀባነው፣ ሁለታችንም ተንጠልጥለን አጠበቅነው፣ ከዛ ሒሳብ ነገሩት፣ የመጀመሪያው እጥፍ። እያመሰገነ ከፈለ። እንደወጣ ምን ነካዎት ጋሼ፣ ለምን እንደዛ አሉት አልኳቸው።

"ልክ ነዋ" አሉኝ። "ግራ ጥርስ ቢሆን አይላላም ነበር። አልሆነም እንጂ።"

እንግዲህ ከደንበኛ ጋር አትከራከር የሚባለውን ተማርኩ ልበል፣ ግን ብማር ኖሮ ይሄን ሁሉ አልፅፍም ነበር።

አሁን እሁድ እሁድ ለሌሎቹ የሚያስተምረው እሱ ነው። ጣሊያን 36 በ24፣ ወርዱ 70፣ ሁለቱም ቀኝ ጥርስ፣ ሞርሳ ላይ ካልጠበቀ ዋጋ የለውም፣ ከእናቱ ሆድ ጀምሮ የሚያውቀው ነው የሚመስለው። ባለፈው አንድ ጓደኛውን ላከልን፣ ዘመዱ ከአሜሪካ የላከለት ቢያንኪ ይዞ። ቢያንኪ ይባል እንጂ እ.ኤ.አ በ1980ዎቹ አሜሪካ ሲሸጡ ከነበሩት ብዙዎቹ ጃፓን የተሰሩ ናቸው፣ ይሄም ቴላዮው ላይ ጃፓን የምትል ትንሽ ስቲከር አለችው። ለካሁት፣ 68፣ የእንግሊዙ ልክ። ካፑን ሞርሳ ላስነክስ ስል ስልክ ተደወለ፣ ኢንጂነሩ ነው።

"ቢያንኪ ነው፣ ወደ ግራ ነው የሚፈታው፣ እንዳትሳሳት!"

ጋሼን አየኋቸው፣ ሻያቸውን ፉት ይላሉ።

"ልክ ነህ ኢንጂነር" ብዬ ዘጋሁና ወደ ቀኝ ፈታሁት።