የቃኘው እግረኛ በኮሪያ ተራሮች

ዛሬ አፍንጮ በር የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ፊት ሐሳቤ የሄደው እግራቸው ላይ ነው።

በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ የገባው የኢትዮጵያ ጦር፣ የቃኘው ሻለቃ፣ የታጠቀው ኤም 1 ጠመንጃ ብቻውን ከ4 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ጥይት፣ የእጅ ቦምብና ውሃ ሲጨመር፣ ዳገት የሚወጣ ሰው በበረዶ ወቅትም በላብ ይጠመቃል። አደጋው እዚህ ነው፤ ምሽግ ደርሶ ሲቆም ላቡ ይቀዘቅዛል፣ እርጥብ ካልሲ የእግር ጣት ያስቆርጣል። ስለዚህ ትርፍ ካልሲ ሸሚዝ ስር፣ በሰውነት ሙቀት እየደረቀ ይያዛል። ጠመንጃውም ዘይት ከበዛበት ዘይቱ በብርዱ ይወፍርና መቀርቀሪያው ይንቀረፈፋል። ቁልቁል ሲተኮስ ደግሞ ጥይቱ ከፍ ስለሚል ዝቅ አድርጎ ማነጣጠር ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ቁስለኛ ማውረድ ነው። አንድ ቃሬዛ 4 ሰው ይፈልጋል፤ ያውም በጨለማ፣ በሚያንሸራትት ቁልቁለት። እነዚህ ልጆች ከመቶ በላይ ጓዶቻቸው ሲወድቁ አንድም ጓዳቸውን በጠላት እጅ ምርኮኛ አድርገው አልተዉም።